መጥለፊያውን ያፈረሱት የውሃ አባት

ከሩቅም ከቅርብም ለቅሶ የደረሳችሁ ወገኖች፣ የአቶ ዓለምነህ ይመርን ሕይወት በአጭሩ እንድናሰማችሁ ቤተሰቡ አዞናል።

አቶ ዓለምነህ ከአባታቸው ከአቶ ይመር ዳምጠውና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ አራጋው በ1946 ዓ.ም. በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ዝቅ ብላ በምትገኘው የወንዝ ዳር መንደራችን ተወለዱ። ፊደል በቤተ ክርስቲያን ቆጥረው፣ መርሳ እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ስለደከሙ ወደ እርሻው ተመለሱ። በ1970 ዓ.ም. ወይዘሮ ብዙነሽ ካሳውን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሮማንን፣ ሶስናንና ፍቅሩን አፍርተዋል።

በ1978 ዓ.ም. እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቃል የውሃ አባት አድርጎ መረጣቸው። የውሃ አባት ማለት ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይና በቅርንጫፍ አስከትሮ ወደ ማሳ የሚያስጠልፍ፣ ተራም የሚያስከብር ነው። ሌላው ሰው ጎርፍ ሲሰማ ይሸሻል፤ የእኛ ሰው ግን አካፋውን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ማሽላው የሚጠጣው በዚያ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የጎርፉ ጠባይ ተለወጠባቸው። ከጀሪካን ቆርጠን የሠራንላቸው የዝናብ መለኪያ ጠብታ ሳይዝ ወንዙ ሞልቶ እየመጣ አስቸገራቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሰባት በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል፤ ይህ አየር ተራራ ገፍቶት ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና የሳምንቱን ዝናብ በሰዓት ውስጥ፣ ያውም በአንድ ሸንተረር ላይ ብቻ ሊዘረግፈው ይችላል። አንዱን ጎርፍ ነጥሎ በዚህ ምክንያት መጣ ብሎ መማል ባይቻልም፣ እንዲህ ያለው ዝናብ እየከፋ መሄዱን አቶ ዓለምነህ ሲሰሙ፣ የራስን ሰማይ ማየት እንደማይበቃ ተረድተው፣ ከላይ ከሸንተረሩ የሚኖሩትን ወይዘሮ ቶይባን እዚያ ዝናብ በከበደ ቁጥር እንዲደውሉላቸው ለመኗቸው።

ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መርሳ ፀሐይ ነበር። ወይዘሮ ቶይባ ደውለው ከዝናቡ ብዛት የጎረቤት ቤት እንኳ እንደማይታያቸው ነገሯቸው። ወንዙ ውስጥ በድንጋይና በቅርንጫፍ በተከተረው መጥለፊያ ላይ ዘጠኝ ሰዎች ጎርፍ እየጠበቁ ነበር። ማሽላው ሦስት ሳምንት ውሃ ሳያገኝ ቆይቶ ቅጠሉ ተጠቅልሏልና፣ አቶ ዓለምነህ ሮጠው ደርሰው ውጡ ቢሏቸው ማን ይስማ! ከዘጠኙ አንዱ አብዱልጀሊል፣ «ጋሼ ዘንድሮ በስልክ ነው የሚዘንብባቸው» ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው። ሁለተኛ ለመኑ፤ ተራችንን አንለቅም አሏቸው። ያን ጊዜ አካፋ ከአንዱ እጅ ነጥቀው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያሠሩት የኖሩትን መጥለፊያ ራሳቸው ይንዱት ጀመር። ድንጋዩን አንከባለው፣ ቅርንጫፉን መዝዘው መሐሉን ከከፈቱት በኋላ ቀና ብለው፣ «ይኸው፣ የምትጠብቁት ነገር የለም። አሁን ውጡ» አሏቸው።

ሰዎቹ የዓመት እህላችንን አፈረሱብን እያሉ፣ በቁጣ፣ አንዳንዶቹም እየተሳደቡ ወጡ። የመጨረሻው ሰው ዳገቱን ሲይዝ ውሃው ግንድና ቋጥኝ እያላተመ ደረሰ። አቶ ዓለምነህ ከኋላ ነበሩና ግንድ ደረታቸውን መታቸው። መልሰው ወርደው እጃቸውን ይዘው የጎተቷቸውም እነዚያው የተቆጡት ናቸው። ወልድያ ሆስፒታል አምስት ቀን ሲታከሙ ቆይተው ነሐሴ 14 ቀን በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

አቶ ዓለምነህ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ከእነዚህም ጋር ሊቆጠሩ የሚገባቸው፣ በዚያ ቀን ተቆጥተው የወጡት፣ ዛሬ አስከሬናቸውን ከወልድያ እስከዚህ ድረስ ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ያመጡት ዘጠኙ ሰዎች ናቸው፤ መጥለፊያው ፈርሶ ውሃ ሳያገኝ ስለቀረው ማሽላቸውም ማንም በአቶ ዓለምነህ ላይ ቅሬታ እንዳያነሣ ተማምለዋል።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ያሳርፍልን፤ እኛንም ከላይ ሲደወልልን የምንሰማ ያድርገን። አሜን።