ርካሽ ፀሐይ

ድሬዳዋ፤ ከኖርዌይ ጡረታ ወጥቶ ሊኖርባት የመጣው አቶ ልሳነወርቅ፣ በሰፈሩ እድር ሰብሳቢ በወይዘሮ አስካለ ደጃፍ ቆሞ ይሟገታል።

ልሳነወርቅ፦ እድር ካልገባሁ ቤቱን ልቀቅ ተብያለሁ እኮ ነው የምልዎት!

አስካለ፦ ልቀቅ ያለህ ማነው?

ልሳነወርቅ፦ አከራዬ። «እድር የሌለው ተከራይ ቢሞት ሬሳው የአከራይ ነው» አለኝ። እስከ እሑድ ነው የሰጠኝ።

አስካለ፦ አስተዋይ ሰው ነው። ለመሆኑ አንተ የመጣኸው ልትኖር ነው ልትሞት?

ልሳነወርቅ፦ ልኖር ነዋ! በነገራችን ላይ «እርስዎ» ቢሉኝ ደስ ይለኛል። ሽማግሌ ነኝ።

አስካለ፦ አቦ አታካብድ! ድሬ ላይ አባቴንም «አንተ» ነበር የምለው። ይልቅ ንገረኝ፤ የዚያ አገር ጡረተኞች የሚሄዱበት የላቸውም?

ልሳነወርቅ፦ አላቸው። ስፔን ይሄዳሉ።

አስካለ፦ ታዲያ አንተን ምን አገኘህ?

ልሳነወርቅ፦ ስፔን ተወደደ።

አስካለ፦ እኛ ረከስን በለኛ!

ልሳነወርቅ፦ እንደዚያ አልወጣኝም። አየሩ ሞቅ፣ ኑሮው ቀለል ያለ ቦታ ፈለግሁ፤ ጉልበቴም ብርድ አይወድም። በዚያ ላይ አገሬ ነው።

አስካለ፦ የት ተወለድክ?

ልሳነወርቅ፦ ደብረ ብርሃን።

አስካለ፦ ለምን እዚያ አልገባህም?

ልሳነወርቅ፦ እሱማ ብርድ ነው።

አስካለ፦ ጉድ እኮ ነው! የአገር ፍቅርህ ቆላ ቆላውን እየመረጠ ነዋ!

ልሳነወርቅ፦ ወይዘሮ አስካለ፣ መዋጮውን ከማንም ቀድሜ እከፍላለሁ። ብቻ ቀብር መውጣቱና ድንኳን ውስጥ መቀመጡ ይቅርልኝ። ሙቀቱን አልችለውም።

አስካለ፦ ለሙቀት መጥተህ?

ልሳነወርቅ፦ የበረንዳ ሙቀት ሌላ ነው።

አስካለ፦ እሱስ እውነትህን ነው። በርህ ላይ ያ የኒም ዛፍ አለልህ። ባለፈው ወር ከሥሩ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ ታስታውሳለህ?

ልሳነወርቅ፦ መኪናዬን መውጫ ያሳጣው? አዎ፣ ቀበሌ አመልክቼ ተነሳ። በጨዋ ደንብ ነው ያመለከትኩት።

አስካለ፦ ተነስቶስ የት ተተከለ?

ልሳነወርቅ፦ እኔ እንጃ።

አስካለ፦ ሜዳው ላይ። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ያቺ ፍለጋ የመጣህላት ፀሐይ አናት አናታችንን ስትለን ዋለች። የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠይቀሃል?

ልሳነወርቅ፦ እኔ የጠየቅሁት መቼ እንደሚነሳ ነው።

አስካለ፦ ሰው ድንኳን ሲያይ «ማን ሞተ?» ይላል እንጂ «መቼ ይነሳል?» ይላል? የባሌ የግርማቸው ለቅሶ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ የ… የእርስዎ? አላወቅሁም!

አስካለ፦ ታዲያ ይኼን ጥቁር የለበስኩት ላንተ ጉልበት መሰለህ?

ልሳነወርቅ፦ እግዚአብሔር ያጥናዎት። ነፍሳቸውን ይማር።

አስካለ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን ያልከው ለባሌ ነው ለቤቱ?

ልሳነወርቅ፦ ለ… ለሁለቱም።

አስካለ፦ ግማሿ እውነት ናት፤ ከምንም ትሻላለች። ስማ፣ መዋጮህን አስቀምጠው። ግባና እዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጥ። ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚቀመጠው፣ ዝም ብለህ። ቤቱንም እድሩንም ሳታነሳ ከተነሳህ፣ አከራይህን እኔው ራሴ አናግርልሃለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ይኸው፤ ተቀመጥኩ።

አስካለ፦ እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ። ጎረቤት ሲያልፍ «ለግርማቸው ዛሬም ሰው መጣለት» ይበል።

ልሳነወርቅ፦ እሺ። … ይቅርታ ወይዘሮ አስካለ፣ ስንት ደቂቃ ነው የሚበቃው?