ብርድ የማትችለው ጠመንጃ

ነይ ግቢ፣ ፀገነት! ነይ የኔ እናት፣ እዚህ ፀሐይዋ ጋ ተቀመጪ። ከዮቪል ድረስ አሮጊት ልትጠይቂ መጣሽ? እግዜር ያክብርልኝ። ዓይኔማ ተመስገን ነው፤ ሞራው ተገፈፈ። ይኸው ካንድ ሳምንት ወዲህ ሁሉን አያለሁ። ጉንጭሽ ላይ ያለውን ማዲያት ሳይቀር... ኧረ ያምርብሻል!

ዮአዳን ማድ ቤት ናት፤ ሻይ እያፈላች ነው። አማቼን ታውቂያቸው የለ? ዶክተር ይኸው እሑድ ስለሆነ ቤት ዋሉ። ምነው ተነሡ ዶክተር? ይቀመጡ እንጂ። የሴት ወሬ ነው የምናወራው፤ እርስዎን የሚነካ የለበትም።

እስኪ ከዚህ ብስኩት ቅመሺ። ራስክ ነው የሚሉት። ሻዩ ሲመጣ ነክረሽ ብትበዪው ይሻላል፤ ያለዚያ ጥርስ ያወልቃል። ከየት መጣ አልሽ? እደርስበታለሁ፣ አትቸኩዪ።

እዚሁ ጆሃንስበርግ አንድ ሰው አለ እልሻለሁ። ያገራችን ልጅ ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል? ሰው ማማት ኃጢአት ነው፤ እኔ እንዲያው ላመሰግነው ነው። የተማረ! ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራል። አይጠጣ፣ አያጨስ፣ ሴት አያይ... ሴት አያይም ስልሽ፣ ሚስቱንም ጨምሮ ነው።

የሚወደው ጠመንጃ ነው። አትደንግጪ! ፈቃድ ያላት፣ ካዝና ውስጥ የምትቆለፍ ናት። ሰው አይገድልባት፣ አውሬ አያድንባት። ወረቀት ነው የሚተኩሰው። እኛ አገር ወንድ ጠመንጃ ሲይዝ ወይ ርስቱን ይጠብቃል ወይ ጅብ ያባርራል። ይኼኛው ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከከተማ ወጥቶ፣ ሣር ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ወረቀት ይበሳል። ወረቀት ምን በድላው ይሆን? የተማሪ ፈተና ሲያርም ይሆናል የተቀያየሙት...

ደግሞ ከሱቅ የተገዛች እንዳትመስልሽ። እንደ ሙሽራ ቀሚስ በልክ ነው ያሠራት። አፈሙዟን አንድ ነጭ ጠመንጃ ሠሪ ጋ በትእዛዝ አስቀረጻት፤ እሷን ሲጠብቅ ዓመት ሞላው። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላማረረም፤ ሚስቱ መስታወት ፊት ሻሽ እስክታስር መጠበቅ የማይችል ሰው! ሰደፏን ግን ራሱ ነው የሠራው። ጥቁር የዋልነት እንጨት ገዝቶ፣ በጉንጩ ልክ እየሞረደ፣ ጉንጩን እያስጠጋ ይለካል፣ ይሞርዳል፣ ደግሞ ያስጠጋል። ሚስቱ አንድ ቀን ቆማ አየችውና፣ «እኔስ ጉንጭ የለኝም?» አለችው አሉ። «ቆይ፣ ገና ሁለት ሚሊ ይቀረዋል» አላት። እንዲህ ነው እንጂ ጨዋታ አዋቂ!

ጥንቃቄውን ብታዪ። ባሩዱን በሚዛን፣ ቅንጣት በቅንጣት ነው የሚመዝነው። ወጡ ጨው በዛበት አነሰበት ብሎ ግን አያውቅም፤ ፊቱ የቀረበውን ዝም ብሎ ይበላል። እንዲህ ያለ ትሑት ባል ከየት ይገኛል? ደግሞ ሲተኩስ ትንፋሹን ውጦ፣ ልቡ መታች... ቀጥላ እስክትመታ ባለችው ክፍተት ነው ቃታውን የሚስበው። ይህን ሲያስረዳ ሰምቼ ነው ልብ እንዳለው ያወቅሁት።

ምነው ዶክተር፣ ትን አለዎት? ውሃ ላምጣልዎ?

ታዲያ ይህ ሰው አማት ነበረችው። ዓይኗን ልትታከም ከደሴ የመጣች አሮጊት። ምን ያስቅሻል ፀገነት? ከደሴ የመጣሁ አሮጊት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

ሰውየው እንግዳ ተቀባይ ነው። የእንግዳ ክፍልም አለው። ታዲያ በክፍሉ ውስጥ እንግዳ አለችበት፤ ጠመንጃዋ። አሮጊቷ ከልጅ ልጇ ጋር አንድ አልጋ ተጋራች። የዚህ አገር ሐምሌ መቼም ታውቂዋለሽ፤ ቤቱ ከደጅ ይበርዳል። ማሞቂያ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ነው። አሮጊቷ ዓይኗ ባያይ ጆሮዋ ይሰማልና፣ ማሞቂያው ከወዲያኛው ክፍል ሽው ሲል ትሰማለች። «ልጄ፣ ማን ተኝቶ ነው እዚያ?» ብላ ጠየቀች። «እንጨቷ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅባት ትጣመማለች፣ እማማ» ብሎ አስረዳት። እሷም ወገቧን ይዛ፣ «እውነትህን ነው፣ መጣመም ክፉ ነው» አለች። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ቅርብ ያለች አማት ግን ብርድ ልብስ ይደረብላታል። ሁለት ደረበላት። ደግ ነው ስልሽ!

ኋላ የሕክምናው ቀን ደረሰ፤ አሮጊቷ ሆስፒታል ተኛች። ሚስቱን መሥሪያ ቤቷ ደርባን ላካት። ቅር እያላት፣ እያለቀሰች ሄደች። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ፣ «አደራ፣ እናቴን አደራ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይለቋታል። ቋንቋ አታውቅ፣ ዓይኗ ታስሮ ነው የምትወጣው፤ ቀድመህ ጠብቃት» አለችው። እሱም፣ «ምን ሆነሻል? ከበሩ ሳትወጣ እደርሳለሁ» አላት። ሲናገር እንዴት ያረጋጋል መሰለሽ! አሮጊቷም እንኳ አመነችው።

ቅዳሜ ደግሞ የዓመቱ ትልቁ ውድድር ነበር ለካ። ይህን እሱ ያውቃል፤ ሚስቱ አታውቅም። ሰው ሁሉን ለሚስቱ ነግሮ ይችላል?

ጠዋት አሮጊቷን ሳያያት፣ ጠመንጃዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ልጁን ጓደኛዋ ቤት ጥሎ ሄደ። ሙሉቀን የሚባል ጓደኛውን ቪዲዮ እንዲያነሣው ይዞት ሄዷል። ሮዘተንቪል ካለው ቤተ ክርስቲያናችንም ሰው ጋብዟል፤ አበሻ ነጮቹን ሲያሸንፍ እንዲያዩ። ታዲያ ስልኩን ዘግቶ ሊተኩስ ሣሩ ላይ ተኛ። እዚያ ሜዳ ስልክ ነውር ነው አሉ፤ ልብ ይከፍላል።

ቪዲዮውን ሙሉቀን አሳይቶኛል። በዚህ በበራው ዓይኔ መጀመሪያ ጥርት አድርጌ ያየሁት እሱን ነው። ተኳሾቹ በረድፍ ተኝተዋል፤ ማዶ ወረቀቶቹ በረድፍ ቆመዋል፤ ለያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከጎኑ የምትተኩሰው አንዲት ነጭ አሮጊት ናት፤ ጉልበቷን እያመማት በሰው ተደግፋ ነው የተኛችው። ተኩሱ ተጀመረ። ሰውየው አይቸኩል፣ አይንቀጠቀጥ... ድው! ትንሽ ቆይቶ ድው! ሲጨርስ ተነሥቶ፣ ጉልበቱን አራግፎ፣ ለካሜራው ፈገግ ሲል፣ የእኛዎቹ እልል አሉ። አንዷማ ነጠላዋን አሸርጣ እስክስታ ወረደች።

ከዚያ ወረቀቶቹ መጡ። የሱ ወረቀት... ንጹሕ! ከፋብሪካ እንደወጣ። ዳኞቹ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፣ ገለበጡት፣ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ጥይት ባልዋለበት ቀዳዳ ፍለጋ! በኋላ የጎረቤቱን፣ የዚያችን ነጭ አሮጊት ወረቀት ቢያዩ፣ የሷ ጥይቶች ዳር ዳሩን በስተውታል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ፣ የሱ ጥይቶች ሁሉ በሷው ሾልከዋል። ከስንት ዓመት ልፋት በኋላ አንድም ሳይዛነፍ መታው፣ ፀገነት! የሰው ወረቀት ሆነ እንጂ መታው።

ሒሳብ አስተማሪ ቁጥር ቢሳሳት ምን ይገርማል? አናጢም ጣቱን ይቀጠቅጣል።

ዳኞቹም ሕጋቸውን አገላብጠው የተሻሉትን ለሴትዮዋ ቆጠሩላት። ዋንጫውን ወሰደች። እሷም ውለታ አትረሳም፤ መጥታ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ በእጇ የጋገረችውን ራስክ በቆርቆሮ ሰጠችው። ብዪ እንጂ! ይኸው ነው እኮ። እንዴት አድርጎ እዚህ ቤት እንደደረሰ ግን አትጠይቂኝ።

እስካሁን የነገርኩሽ የሚያስቀውን ነው።

አሮጊቷ በዚያን ሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኔ ታስሮ... ማለቴ ዓይኗ ታስሮ። መኪና ባለፈ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ ትላለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። ነርሶቹ ደወሉ፤ የተመዘገበው የሱ ቁጥር ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። ፈረቃቸው አለቀ፣ ሌሎች መጡ። አሮጊቷ የምታውቀው እንግሊዝኛ «ቴንክዩ» ብቻ ነው፤ ለመጣው ሁሉ እሱን ትላለች። ለመጣው ሁሉ እንዲያው ታመሰግናለች... ኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ሞተ እንዴ ብላ ማልቀስ ጀመረች። መኪና ገለበጠው፣ ልጄ ያለ ባል ቀረች ብላ። ለራሷ አይደለም፣ ፀገነት። ለሱ ነው ያለቀሰችው። ያ የታሰረ ዓይን ማልቀስ የለበትም ተብሏል እኮ።

የበሩ ጥበቃ አያት። ዙሉ ነው፤ «ጎጎ፣ ጎጎ» ይላታል፤ አያቴ ማለቱ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ከየት ነሽ እንደማለት ሲጠይቃት «ኢትዮጵያ» አለችው። እሱ ደግሞ የሚኖረው ጻካኔ የሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ነው፤ ዳቦ የሚገዛው ካንድ ያገራችን ልጅ ሱቅ ነው። ደወለለትና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስደገፈላት። «እማማ፣ አምላኩ እባላለሁ፣ የሆሳዕና ልጅ ነኝ» አላት። «ካሉበት እንዳይነሡ። መጣሁ።» አያውቃት፣ አታውቀው! ሱቁን በቅዳሜ ገበያ ዘግቶ፣ ባኪ በሚሏት በዚያች የዕቃ መኪናው፣ ያን ሁሉ መንገድ መጣ፤ የቤቱንም አድራሻ ከነርሶቹ ተቀበለ። ከፊት አስቀምጦ፣ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት ከጎኗ ደግፎ፣ «ጉድጓድ ስናገኝ እነግርዎታለሁ፣ ጭንቅላትዎን ይያዙ» እያለ አመጣት። የተማረ አይደለም። ስለ ነፋስና ስለ አፈሙዝ ምንም አያውቅም፤ እንዲያው ሲጠሩት ብቻ ይመጣል።

ቤት ሲደርሱ በሩ ዝግ ነው። ባኪው ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ኋላ ሰውየው ከች አለ። አሮጊቷ መኪናውን በድምፁ አወቀችው። «ተመስገን፣ አለ!» ብላ ደረቷን ደቃች። እሱ ከመኪናው ወረደ... ባኪውን አየ፣ በመስኮቱ እሷንም አየ። አምላኩ ነው የነገረኝ፣ አይቷል። ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ ዞረና የኋላውን በር ከፈተ፤ ጠመንጃዋን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ብርድ እንዳይመታት ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ቤት አስገባት። ቆልፎባት ተመለሰና፣ «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ።

እንዴት ዋሉ!

አሮጊቷም፣ «እኔስ ደህና፣ አንተ ደህና ነህ? ምን አገኘህ?» አለችው። አንገቱን ደፍቶ፣ «ነፋሱ ነው» አለ። አምላኩ አሮጊቷን በክንዷ ደግፎ እስከ ወንበሩ አስገባት፣ እግሯ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረገላት፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ወዲያው ሚስቱ ከደርባን ደወለች። «እናቴስ?» «ቤት ገብተዋል፣ ተረጋጊ» አላት። ዋሸ እንዴ? አልዋሸም! ገብታለች እኮ። እንዲህ ነው ቃል መርጦ መናገር። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ አሮጊቷን ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ትራስ እያመጣ፣ ጠብታ እያንጠባጠበላት ከረመ። አፍሮ ይሆናል። ፈርቶም ይሆናል። እሷም ለልጇ ትንፍሽ አላለችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል... እዚህ አገር ግን ሲቆይ ይነቅዛል መሰለኝ።

ውይ፣ ዮአዳን! አንቺ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው በሩ ላይ የቆምሽው? ትሪውን አስቀምጪው እንጂ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ዶክተርን ለምን እንደዚያ ታዪያቸዋለሽ? ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው። «ማን አመጣሽ?» አልሽ? እኔን ነው? እኔንማ «ቤት ገብተዋል» ብለው ነግረውሽ የለ?

ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። አታልቅሺ። አንቺም ፀገነት፣ ሻይሽን ጠጪ። ሰውየውን ክፉ ነው አላልኩሽም፤ ክፉ አይደለም። አሮጊቷም አልረገመችውም። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ዕንቁ የመሰለች፤ በሷ ይወደዳል። አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ስሙን ሳትጠራ አትነሣም አሉ። እኔም አብሬያት እላለሁ፤ ተነሡና አሜን በሉ።

አምላኬ፣ ለዚያ ሰው ዕድሜ ከጤና ስጠው። ሽበት አልብሰው። ያቺን አንድ ልጁን ለወግ ለማዕረግ አብቃለት፤ በሠርጓ አስጨፍረው። አርጅቶ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ ዓይኑ ደክሞ ሰው የሚጠብቅበት ቀን ሲመጣም ብቻውን አትተወው... ልክ እንደ ራሱ ያለ አማች ስጠው!

አሜን በሉ እንጂ። ፀገነት? እሰይ። ዮአዳን? እሰይ፣ የኔ ልጅ።

ዶክተር... የእርስዎን አልሰማሁም።