ጭቃ ያልነካው ጫማ

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ነርስ፣ በስልኳ የምታየውን ፊልም አጠገቧ ላሉት ቄስ ትተርክላቸዋለች።

«ልጅቷ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አባ። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ግን ማንም አያውቅባትም።»

«አባቷስ?»

«የለም። ሰው እንዳይጠረጥር ጫማውን በር ላይ ታስቀምጣለች። ለሚያንኳኳው ሁሉ ‹ተኝቷል› ትላለች።»

«ማኅበርተኞቹ ዝም ይላሉ?»

«ማኅበር የለውም።»

«ሰው ሲሞትስ ቀብር አይወጣም?»

«ፈረንጆች ናቸው እኮ፣ አባ።»

«ይሁን። ክረምት ነው በጋ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝናብ ነው።»

«ጫማው ጭቃ አለው?»

ነርሷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«የለውም። ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያ ምኑን ተደበቀችው? እኔ እዚህ ደሃና ወረዳ ተቀምጬ ያወቅሁትን ጎረቤቷ እንዴት አጣው?»

«ቆይ አባ፣ ፖሊሱ መጣ። በሩ ላይ ደርሷል።»

«ጫማውን አየው?»

«ጎንበስ እያለ ነው።»

«በያት ልጄ፣ ቶሎ ጭቃ ትቀባው።»

ለአከራዬ «የባሌ ነው» ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ደጄ ላይ ያስቀመጥኩትን ጫማ አስቤ፣ ቀሪውን መንገድ በመስኮት ጭቃ ስፈልግ ሄድኩ።