በእትዬ ማይሙና ስም

እንደምን ዋላችሁ! ኧረ ያን ሙዚቃ ቀንሱልኝ። ሙሚን፣ አንተ በሩ ጋ እንደቆምክ ሁንልኝ፤ ምክንያቱን ኋላ ትሰማለህ።

ለዛሬው የእትዬ ማይሙና መሰናበቻ ሁለት ንግግር ነው የጻፍኩት። አንዱን እሑድ ጨርሼው ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ቀልድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግን አንድ ነገር አየሁና ክው ብዬ ቀረሁ። እስካሁን ልቤ ቦታው አልተመለሰም። ስለዚህ ከእሑዱም ከማክሰኞውም እየቆነጠርኩ ነው የማወራችሁ።

ከመጀመሪያው ቀን ልነሳ። በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ነው፤ የኢትዮጵያ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞሮ፣ እንደኛ ያለው ዕቃ አስተላላፊ ትራንዚት ቤት ሁሉ የሰው ያለህ የሚልበት ጊዜ። እትዬ ማይሙና ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው እዚህ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር በራችን ላይ ቆሙ። በሩ ላይ ያለው ሙሚን ነው። ያኔም ሙሚን፣ ዛሬም ሙሚን። እጁ ላይ ያለው ወረቀት ግን «ሞሲየ ማይሙን» ይላል። የጻፈው ሰው የመጨረሻዋን የላቲን ፊደል ውጧታል።

«ሞሲየ ማይሙን ገና አልመጣም» አላቸው።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ ማዳም ነዎት።»

«ማዳምነቴን አላጣሁትም። ስሙ የኔ ነው።»

«ወረቀቱ ሞሲየ ነው የሚለው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያለቅሳል ወይ ይሳደባል። እሳቸው ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉና ሙሚንን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ለመሆኑ አንተ ማነህ?» «ዘበኛው።» «እስቲ ባጅህን!» ሙሚን ኪሱን ቢዳብስ ባጅ የለም። ባጁ ዋራበሌ፣ ቤቱ፣ ሌላኛው ሱሪው ውስጥ ነው። «እንግዲያው አንተም ውጣና ቁም» አሉት። ወጣ! የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር አራት ሰዓት ላይ ሲደርሱ አዲሷ ሠራተኛና ዘበኛው ፀሐይ ላይ ተፋጠው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውስጥ አንድም ሰው ሳይኖር አገኟቸው።

ሳቅ፣ ሙሚን፣ ሳቅ። ውሸት ነው በለኝ እስቲ!

ከዚያ ወዲህ «መታወቂያ!» ሲሉ የማይደነግጥ ሾፌር የለም። ዘሩ ይመስክር፤ ያው እዚያ ጥግ ተቀምጧል። የዘሩ ልጅ ስትዳር እትዬ ማይሙና ሠርጉ ላይ ነበሩ፤ እልል ብለዋል፣ ሙሽራዋን መርቀዋል። በማግስቱ ዘሩ የኮንቴይነር መውጫ ሊቀበል መጣ። «መታወቂያ!» አሉት። «እትዬ! ትናንት ልጄን አብረን ድረን?» «ትናንት እኔ የመጣሁት ለሙሽራዋ ነው። ዛሬ አንተ የመጣኸው ለኮንቴይነሩ ነው። መታወቂያ!»

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ወረቀት ላይ እንዲህ የሚያንቀጠቅጡት ሴትዮ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲደርሱ ቤታቸው በር የለውም።

ሲስተሙ የገባው፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ በሁለት ሺህ ስድስት ነው፤ እኔም የተቀጠርኩት ያኔ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መግቢያ ስም የሚያወጣ ቴክኒሺያን መጣ። ቅጹ የፈረንሳይ ነውና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም ከየት እናምጣ? የአባታችንን ጻፍን። እሱም የአባትን ስም ይወስድና ከፊቱ ከራስ ስም አንዲት ፊደል ይለጥፋል፤ በቃ፣ መግቢያህ ያ ነው፤ የራስ ስምህ ከጎኑ ይመዘገባል። እኔ ትርሲት አምሀ ነኝ። የመኪና ስምሪት ኃላፊያችን ጸሐዬ አምሀ ነው። አባቶቻችን በሕልማቸውም አይተዋወቁ። በኛ ፊደል «ት» እና «ጸ»ን ምን አገናኛቸው? በላቲኑ ግን ሁለታችንም በ«ቲ» ነው የምንጀምረው። ጸሐዬ ቀድሞኝ ተመዝግቧል። ቴክኒሺያኑ ስሜን ቢያስገባ ማሽኑ እምቢ አለው። ዞር አለና፣ «አንቺ እኮ ቀድሞውንም አለሽ» አለኝ።

«የት?»

«መኪና ስምሪት።»

በሁለተኛ የሥራ ቀኔ፣ ጢም ያለኝ የስምሪት ኃላፊ ሆኜ ተገኘሁ! «በሳምንት ውስጥ ሌላ ይሠራልሻል» ተባልኩ። ሳምንቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። እትዬ ማይሙና ከጎኔ ሆነው ሲያዩኝ ሰነበቱና አንድ ቀን፣ «ምነው እጅሽን አጣጥፈሽ የምትውዪ?» አሉኝ። «መግቢያ የለኝም።» «ይኸው የኔ! ያንቺ እስኪመጣ በኔ ስም ግቢ።» የይለፍ ቃላቸውን ከካላንደር በቀደዷት ብጣሽ ላይ ጽፈው ሰጡኝ። እኔም ገባሁ።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት በኮምፒውተር ሠልጥኜ ተመለስኩና መግቢያ የምሰጠውም የምዘጋውም እኔ ሆንኩ። «ማንም በማንም ስም አይገባም!» ብዬ በየግድግዳው ለጠፍኩ። የይለፍ ቃል በየዘጠና ቀኑ ይቀየር አልኩ። የሚሰማኝ ሰው ያለ መስሎኝ፣ አምስት ዓመት ደረቴን ነፍቼ በየኮሪደሩ ተንጎራደድኩ።

ማክሰኞ ደረሰ። ደንቡ፣ ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት መግቢያው ይዘጋል ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእትዬ ማይሙናን ዘጋሁ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ስልክ ጮኸ። ጸሐዬ ነው።

«ትርሲት፣ እትዬ ማይሙና ሞቱ እንዴ?»

«ሟርትህን ተው! ያው ሻይ እየጠጡ ነው።»

«ታዲያ ማሽኑ ‹ማይሙና የሚባል ሰው የለም› ይለኛል!»

ከዚያ መጋዘን ደወለ። ከዚያ እንግዳ መቀበያ። ከዚያ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ። ውጭ የጭነት መኪናው ተደርድሮ ጥሩንባ ያቀልጣል። ዘጠኝ ሰው! ዘጠኝ ሰው፣ እኔ የለጠፍኩት ማስታወቂያ ሥር ተቀምጦ፣ በሳቸው ስም ይሠራ ነበር! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእትዬ ማይሙና ስም ግን ምሳ ሰዓትም ይውላል። እሳቸው ድሬዳዋ ዓመት ፈቃድ ላይ ሆነው፣ ስማቸው እዚህ ሦስት ቢሮ ውስጥ ባንድ ደቂቃ ሲሠራ በማሽኑ መዝገብ ላይ አየሁት። ደንቡን ካወጣሁ ወዲህ ያለውን የይለፍ ቃላቸውንም ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው፤ አሁን ስለተዘጋ ልናገረው። ኻሊዳ አንድ። ዘጠና ቀን ሲሞላ፣ ኻሊዳ ሁለት። ባለፈው ወር ኻሊዳ ሃያ ደርሰን ነበር። ኻሊዳ ልጃቸው ናት፣ ያቻትና ከጎናቸው። እህቴ፣ ይቅር በይን፤ በዚህ ቤት አንቺን ያልጻፈ ጣት የለም።

አቶ ባንቲሁን፣ ይስቃሉ? ዳይሬክተራችንም አንድ ቀን ገብተዋል። ቀኑን ልንገርዎ?

እስከዚህ ድረስ እኔም ስቄያለሁ። ደንግጬም እስቅ ነበር። ማን ከየት እንደገባ ልለይ ብዬ መዝገቡን ወደ ኋላ አነበብኩ። መዝገቡ የሚይዘው ስም ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱንና የማሽኑንም ቁጥር ይይዛል። እያነበብኩ፣ እየሳቅኩ፣ ሁለት ሺህ ሰባት ነሐሴ ላይ ደረስኩ።

ነባሮቹ ታስታውሱታላችሁ። ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ባንድ መርከብ ሁለት ኮንቴይነር መጣ፤ አንዱ ለሆስፒታል የሚሄድ ግሉኮስ፣ አንዱ የወለል ሴራሚክ። ቁጥራቸው የሚለየው በመጨረሻዋ ብቻ ነው፣ አንዱ በሰባት፣ ሌላው በአንድ ያልቃል። የመውጫ ትእዛዙ ተሳስቶ ለሴራሚኩ ወጣ። ሴራሚኩ ሆስፒታል በር ላይ ተራገፈ። ግሉኮሱ በነሐሴ ፀሐይ አሥራ አንድ ቀን ወደብ ላይ ሲቀቀል ከርሞ ተደፋ። ሆስፒታሉ ሌላ እስኪደርስለት ከየከተማው ሲለምን ሰነበተ። ፈጣሪ ጠብቆን ሰው አልሞተም።

ትእዛዙ የወጣው በማን ስም ነው? በማይሙና። የያኔው ዳይሬክተር ጠርተው «እርስዎ ነዎት?» አሏቸው። «ስሙ የኔ ከሆነ እኔ ነኝ» አሉ፤ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። በዚያው ወር የክፍል ኃላፊ ሊሆኑ ነበር፤ ቀረ፣ ዳግመኛም አልተነሳ። አሥር ዓመት ሙሉ ያሠለጠኗቸው ሰዎች አለቃ ሲሆኑባቸው እያዩ በዚያችው ወንበር ተቀመጡ።

እኔስ ያኔ ምን አልኩ? «እትዬ ደክመዋል መሰለኝ፣ መነጽር ቢቀይሩ ጥሩ ነው» አልኩ። ምሳ ላይ ነው፤ ለጸሐዬ ነው ያልኩት።

እንግዲህ መዝገቡን ላንብብላችሁ። ስም፣ ማይሙና። ሰዓት፣ ጠዋት ሦስት ከአሥር። ማሽን፣ ቁጥር አራት።

ማሽን ቁጥር አራት የኔ ነበር።

አዎ። ሰባቷን በአንድ የሳትኩት እኔ ነኝ። አይ፣ አቶ ባንቲሁን፣ አይነሱ፤ ልጨርስ። ማክሰኞ አላወቅኩም ነበር ብዬ ልምል አስቤ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር። ያኔም አንድ ቀን «እኔ ብሆንስ?» ብዬ አስቤያለሁ። ፈራሁና ማሰቡን ተውኩት። ከማሽኑም፣ ከግሉኮሱም ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፤ ሰው ማሰቡን ትቶ አሥር ዓመት እንቅልፉን ይተኛል!

ትናንት ጠረጴዛቸውን ሲያጸዱ ሄድኩ። «እትዬ፣ ያ የነሐሴው ኮንቴይነር፣ እኔ ነበርኩ።»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አውቃለሁ» አሉ።

«መቼ?»

«ያንኑ ቀን። ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ካርቲየ ሁለት ሰፈር መድኃኒት ቤት ነበርኩ። ያኔ ደግሞ ቃሉን የሰጠሁት ላንቺ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ኮንትራትሽ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቢያባርሩሽ የመኖሪያ ፈቃድሽም አብሮሽ ይሄዳል። ደግሞስ፣ በሬን በገዛ እጄ ከፍቼልሽ፣ ማን ገባብኝ ብዬ ልጩህ?»

«ማስጠንቀቂያውስ?»

«አብሽሪ፣ ወረቀት ነው።»

ወረቀት ነው! የሙሽራዋን አባት ያለ መታወቂያ የማያሳልፉት ሴትዮ፣ «ወረቀት ነው» አሉኝ! «ነገ እንዳትናገሪ፤ ወላሂ ተነስቼ እወጣለሁ» ብለውኛል። ሙሚን፣ በሩ ላይ ያቆምኩህ ለዚህ ነው።

እትዬ፣ ይቆጡኝ፣ ግን ይስሙኝ። ስም ያጣሁ ጊዜ ስምዎን ሰጡኝ። አቆሸሽኩት፤ ዝም ብለው ለበሱት። ዛሬ ያለኝ ሥራ፣ እዚህ ከተማ የተወለዱት ሁለቱ ልጆቼ፣ ቤቴ፣ ሁሉም ከዚያ ዝምታ በኋላ የመጣ ነው። ምን ብዬ አመሰግናለሁ? ቃል አጥቼ አይደለም፤ ያለኝ ቃል ሁሉ አነሰብኝ። ዘጠኛችሁም ደግሞ ስሙኝ፣ ዛሬ መግቢያ ስለምዘጋባችሁ አይደለም። ያን ጊዜ ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ፣ በፖሊስ የምናስወስደው እኚህን ሴት ነበር። መድኃኒት ቤት ወረፋ ይጠብቁ የነበሩትን ሴት! ደግነታቸው እውነተኛ ነው፤ ያኔ ያደረግነው ደግሞ ጥፋት ነው። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

አቶ ባንቲሁን፣ ሁለት ደብዳቤ ይዣለሁ። አንደኛው የነሐሴው ማስጠንቀቂያ ከእትዬ ማይሙና ፋይል እንዲነሳ የሚጠይቅ ነው፤ የመዝገቡ ቅጂ አብሮት አለ። ሁለተኛው ያው ጥፋት በኔ ፋይል እንዲገባ ነው። ከሥራ የሚያስወጣ ከሆነም እወጣለሁ። እኔን ነገም ይደርሱብኛል። የሳቸው ፋይል ግን ዛሬ ነው የሚዘጋው፤ እንደዚህ ከተዘጋ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው በሰው ጥፋት ጥፋተኛ ሆነው ወጡ ማለት ነው። የመጀመሪያውን አሁን፣ ሰው እያየ፣ እዚሁ እንዲፈርሙልኝ እለምናለሁ።

ጸሐዬ፣ እስክርቢቶ አቀብላቸው። አይ፣ ያ አይጽፍም፤ ሌላ።

ፈረሙ። አያችሁ? ፈረሙ!

እትዬ፣ ምን አሉ? ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልን።

«ማኅተሙስ?» ነው ያሉት! ሰማችሁ? ማኅተሙስ! ወረቀት ነው ያሉኝ ሰው! ጸሐፊዋ ትሂድና ማኅተሙን ታምጣ፤ እኛም ቆመን እንጠብቃለን።

እሺ፣ የማንጎ ጭማቂ ያለው ብርጭቆውን ያንሳ፤ ያልደረሰው ውኃም ቢሆን። እትዬ ማይሙና፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ አይድከም፣ ኻሊዳን ድረው የልጅ ልጅ ይዩ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ይሄ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይመስክር፤ ያን ኮንቴይነር ያወጣችው ትርሲት አምሀ ናት፣ ማይሙና አይደሉም። ስምዎን ተውሼ አሥር ዓመት አቆየሁብዎ። ይኸው፣ ንጹሕ ነው፣ ይዘውት ይሂዱ።

ለስማቸው!