ብቸኝነትን ለመለካት የደከሙት ወንድማችን

ቆማችሁም ተቀምጣችሁም የምትሰሙ ወዳጅ ዘመዶች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን ረጅም ንግግር ስለማይወዱ፣ ስለ እሳቸው የሚነበበውም እንዳይንዛዛ አደራ ስላሉ፣ የሕይወት ታሪካቸው በአጭሩ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ወንድማችን የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ከነበሩት አባታቸውና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ቤታቸውን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ሲማሩ በሂሳብ የሚደርስባቸው ያልነበረ ሲሆን፣ ለእግር ኳስ ቡድን ሲመረጥ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ የሚቀሩት እሳቸው ነበሩ። አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ገና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ፤ እሳቸውንና ይህን ጽሑፍ የሚያነበውን ታናሽ ወንድማቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እናታቸው ብቻቸውን ናቸው።

ከዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ተመርቀው፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሥነ ልቦና መለኪያዎች ከሠሩ በኋላ በአንድ የጥናት ተቋም ተቀጠሩ። ሥራቸው ምን እንደሆነ በቅጡ የተረዳ ዘመድ አልነበረም። ሥነ ልቦና የሚለውን ቃል የሰማ ጎረቤት ሁሉ አልታዘዝ ያለውን ልጁን እየጎተተ ይመጣባቸው ነበር፤ አንዲት የአጎታችን ልጅ ደግሞ ሐሳቧን የሚያነቡባት እየመሰላት አጠገባቸው ስትቀመጥ ዐይኗን ትሰብር ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራቸው ሰው የሚመረመርበትን መጠይቅ መመርመር እንጂ ሰውን መመርመር አልነበረም። ጭንቀትን ይለካል የተባለ መጠይቅ የሚለካው ጭንቀትን ነው ወይስ የዕለቱን ድካም? ጥያቄዎቹ ሁሉ አንድን ነገር የሚለኩ ከሆነ መልሶቻቸው እርስ በርስ ሊኖራቸው የሚገባውን ዝምድና በስታቲስቲክስ ሞዴል አስልተው፣ ሰዎች ከሰጡት መልስ ጋር ያስተያዩታል፤ ካልተገናኙ መጠይቁ እንደገና ይሠራል። አለቃ ቢቆጣ፣ ባልደረባ ቢቸኩል ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ቃል ስለነበር፣ በመሥሪያ ቤታቸው «እስቲ ይታይ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

ባለቤታቸውን የተዋወቁት ከቢሯቸው ፊት ለፊት ባለው ፋርማሲ ነው። ለራስ ምታት መድኃኒት በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ፣ ፋርማሲስቷ ራሳቸውን እንዳላመማቸው በመጀመሪያው ቀን ቢያውቁም ምንም ሳይሉ ሸጠውላቸዋል። ትዳር መሥርተውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በሥራ ዘመናቸው ብዙ የደከሙበት የአረጋውያንን ብቸኝነት የሚለካው መጠይቅ ነበር። በየጤና ጣቢያው ሊሠራጭ፣ ነርስ በየትኛው አረጋዊ ቤት እየሄደች እንደምትጠይቅም በውጤቱ ሊወሰን ታስቦ ነበር። ሙከራውን የጀመሩት ከገዛ እናታቸው ነው። አንድ ምሽት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ከብበናቸው ሳለ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሲያነቡላቸው፣ እናታችን «ምን ጎድሎብኝ፣ እናንተ እያላችሁልኝ» እያሉ መለሱ፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን። መጠይቁ በብዙ መቶ አረጋውያን ተሞልቶ ሲመጣም ሞዴሉና መልሶቹ እጅና ጓንት ሆነው ተገኙ፤ ተቋሙም ወደ ማተሚያ ቤት ሊልከው ተሰናዳ።

ወንድማችን ግን እስቲ ይታይ አሉ። መልሶቹን ጠዋት የተሞሉና ማታ የተሞሉ ብለው ለይተው፣ መጠይቁ በሁለቱም ዘንድ እኩል ይሠራ እንደሆነ ፈተኑት። አልሠራም። እንቅልፍ ስለማጣትና ስለመተከዝ ሲጠየቁ ተመሳሳይ መልስ የሰጡ ሰዎች፣ «የልብዎን የሚያጫውቱት ሰው አለዎት?» ሲባሉ ጠዋት የተጠየቁት በብዛት የለኝም፣ ማታ የተጠየቁት ግን አለኝ ብለው ነበር። ጠዋት ልጆች ሥራ ላይ ናቸው፤ ማታ ግን አጠገብ ተቀምጠው ይሰማሉ። ስለዚህ ማታ የተለካው ብቸኝነት ሳይሆን ልጅን ላለማሳዘን የሚደረግ ጥንቃቄ ነበር።

በማግስቱ፣ እናታችን የማያውቋትን አንዲት መረጃ ሰብሳቢ፣ የማን እናት እንደሆኑ ሳይነግሯት በጠዋት ወደ እናታችን ቤት ላኳት። ለሩብ ሰዓት ሥራ የሄደችው ልጅ የተመለሰችው ከምሳ በኋላ ነበር። የተጠያቂ መልስ ምስጢር ስለሆነ ወንድማችን ምን አሉ ብለው አልጠየቋትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። ለምን እንደዘገየች ስታስረዳ ግን፣ ሴትዮዋ በር ድረስ ሸኝተው «ደግሞ መቼ ትመጪያለሽ?» እንዳሏት ተናገረች። ወንድማችን እጅግ አዘኑ።

ኅትመቱን የዚያኑ ዕለት አስቆሙ። አለቃቸው ያን ያህል የተለፋበት ሥራ ውኃ በላው ብለው ተቆጡ፤ ለወንድማችን ታስቦ የነበረው የክፍል ኃላፊነትም ለሌላ ተሰጠ። መጠይቁ ቤተሰብ በሌለበት ብቻ እንዲሞላ ተደርጎ፣ እንደገና ተፈትኖ ሥራ ላይ ዋለ። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጠዋት ማንንም ሳያስከትሉ እናታችን ዘንድ እየሄዱ፣ ምንም ሳይጠይቁ መቀመጥ ጀመሩ። እናታችን መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው «ሥራ የለህም እንዴ?» ይሉ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን ማውራት ጀመሩ። ምን እንዳወሯቸው ወንድማችን ለማንም አልተናገሩም። ይህም እናታችን እስኪያርፉ ድረስ አልተቋረጠም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ፣ ልጆቻቸው ለሚያቀርቡላቸው ጥያቄ ሁሉ መልሳቸው ደህና ነኝ የሚል ነበር። ነርሷ የሕመሙን መጠን ስትጠይቃቸው ግን ልጆቹን በትሕትና ወደ ኮሪደሩ ያስወጡ ነበር። ልጆቹ ለምን እንደሚወጡ ያውቁ ስለነበር አልተከራከሩም፤ ማወቃቸው ግን ነገሩን አላቀለለላቸውም። ትናንት ማለዳ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው አርፈዋል።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እጅግ የሚያዝነውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከድካሟ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።

ባለቤታቸው ከትናንት ጀምሮ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ደህና ነኝ እያሉ ነው፤ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋልና። እባካችሁ፣ ለቅሶው አልቆ ሁላችንም ወደየሥራችን ስንመለስ፣ ከእናንተ አንዱ ጠዋት ብቻውን ይሂድላቸው።