የማይሸሽ ዓሣ

(ጣና ዳር፣ የዓሣ አጥማጁ የይስማው ግቢ፤ የሴት ልጁን የይታይሽን የጋብቻ ቃል ሊያስሩ የመጡት ሽማግሌዎች ከምሳው ላይ ተቆጥተው በወጡ ማግስት፣ ይስማው ትልቅ ድንጋይ ትከሻው ላይ ሊያወጣ ሲታገል፣ ሚስቱ አንጓች በሩን ዘግታ ቆማለች።)

አንጓች፦ አስቀምጠው አልኩህ! ወገብህን ልትቀጭ ነው።

ይስማው፦ ይቀጭ! አንገቴ ላይ ድንጋይ አድርጌ ደጃቸው ካልወደቅሁ ይቅር አይሉኝም።

አንጓች፦ ተራራውን ነቅለህ ብትሄድስ? አያ ቢያድግልኝ እንደሆኑ የሙሽራው አጎት ነኝ ብለው ገና ሲገቡ ፊታቸውን አጥቁረው ነው።

ይስማው፦ ምን ያድርጉ? የተጠበሰውን ዓሣ ሲከፍቱት ትል! ያውም እንደ ኮሶ የተጠቀለለ። «ንቀውን ነው» ቢሉ ይፈረድባቸዋል?

አንጓች፦ አይፈረድባቸውም።

ይስማው፦ ደግሞ ሁሉም ወዳንቺ ዞረ። «ሴትዮዋ ዓሣ ማጠብ አታውቅም» ሲሉሽ ሰምቼ ዝም አልሁ። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አንጓች፦ ዝም ስትል አይቼሃለሁ።

ይስማው፦ ጥፋቱ የኔ ነው አንጓች። ዓሣውን... በመረብ አልያዝሁትም።

አንጓች፦ አውቃለሁ።

ይስማው፦ በምን አወቅሽ?

አንጓች፦ መረብ የያዘው ዓሣ አንገቱ ላይ የክሩ ምልክት ይቀራል። ያንተዎቹ አንድ ጭረት የላቸውም።

ይስማው፦ መረቡ ባዶ ወጣ። ለልጅ ሽማግሌ የሚቀርበውን ዓሣ አባት በእጁ ያጠምዳል፤ አባቴም ለእህቶቼ እንዲያ ነው ያደረገ። ባዶ እጄን ልመለስ? ዳር የበቀለው ደንገል ጥግ ስደርስ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው አየኋቸው። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እንኳ አልሸሹም። በእጄ አፈስኋቸው።

አንጓች፦ ጤነኛ ዓሣ ጥላ ሲያይ ወደ ጥልቁ ነው የሚወርድ። ይታይሽን ገና በሕፃንነቷ ታንኳ ላይ አስቀምጠህ ይህን ያስተማርሃት አንተ ነህ።

ይስማው፦ አታስታውሺኝ።

አንጓች፦ ምን ነበር ያልሃት?

ይስማው፦ ትሉ የወፍ ሆድ ውስጥ መግባት ይፈልጋል። ስለዚህ ዓሣውን ከባልንጀሮቹ ነጥሎ ወደ ላይ ያወጣዋል። ወፏ መጥታ ለቀም ታደርገዋለች፤ ትሉም የፈለገበት ደረሰ።

አንጓች፦ ዓሣውስ?

ይስማው፦ ዓሣውማ በራሱ ፈቃድ የዋኘ ይመስለዋል።

አንጓች፦ አየህ።

ይስማው፦ ምነው እንዲህ ታይኛለሽ?

አንጓች፦ ይታይሽን ሽማግሌዎቹ ፊት «ፈቅደሻል ወይ?» ብለህ ስትጠይቃት ምን አለችህ?

ይስማው፦ «አዎ» አለች! ሁሉም ሰምቷል።

አንጓች፦ ሰምቷል። ሳምንቱን ሙሉ «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» እያልህ ያንተን ፈቃድ ሆዷ ውስጥ ስታስገባ የሰማሁ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ይስማው፦ ለሷው ብዬ ነው! ደህና ቤት ነው፤ ልጁም ጨዋ ነው።

አንጓች፦ «ትምህርቴን ሳልጨርስ» ብላ ጓሮ ስታለቅስ የት ነበርህ?

ይስማው፦ አለቀሰች? ለምን አልነገርሽኝም?

አንጓች፦ ፈራሁህ። እናት ሆኜ አፌን ዘጋሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ዓይኗን ማየት ያሳፍረኛል።

ይስማው፦ ...እሱን በኋላ እንነጋገረዋለን። አሁን ከበሩ ዞር በይልኝ። ቢያንስ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሚስቴ የለችበትም» ልበላቸው።

አንጓች፦ እንዳትል!

ይስማው፦ ለምን?

አንጓች፦ ዕድሜ ልኬን ዓሣ ሳጥብ የኖርሁ ሴት ነኝ። ይህን የሚያህል ትል ያመልጠኛል?

ይስማው፦ ምን እያልሽ ነው አንቺ?

አንጓች፦ የሁሉንም ሆድ ከፍቼ አጠብሁ። ሆዱ የተነፋውን አንዱን ግን፣ ቃሉ እንዳይታሰር ብዬ፣ ሳልከፍተው ጠበስሁትና አያ ቢያድግልኝ ፊት አኖርሁት። አንተ በማታውቀው ሌሊቱን ስትገላበጥ እያየሁም ዝም አልሁ። በል ድንጋዩን ወዲህ አምጣ፤ ተሸካሚዋ እኔ ነኝ።

ይስማው፦ ተይው። ድንጋዩ እዚያው ይቀመጥ። ይልቅ ይታይሽን ጥሪልኝ፤ ሽማግሌ በሌለበት ልጠይቃት።