አያ ደምሴ ላፕቶፕ ሲመርጡ

ለልጄ የመመረቂያ ጽሑፍ ላፕቶፕ ልገዛ ፒያሳ ስወጣ፣ አጎቴ አያ ደምሴ "ብቻህን ሄደህ እንዳትሸወድ" ብለው ተከተሉኝ። ኮላ ድባ ገበያ በሬ በመምረጥ የታወቁ ናቸው፤ ላፕቶፕ ግን ከቅርብ ያዩት ገና የዚያን ቀን ነው።

ሻጩ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ከፍቶ "ራሙ ስምንት፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ሰቨን፣ ባትሪው አምስት ሰዓት" እያለ ደረደረ። እኔ ሳይገባኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ሸጋ፣ ሙገሳውን ሰማን" አሉ አያ ደምሴ። "በል ከገመዱ ፍታውና ሲያርስ አሳየን።"

"ሲያርስ?"

"ሥራ ጫንበታ!"

ሻጩ እየሳቀ ቻርጀሩን ነቀለና ያለውን ፕሮግራም ሁሉ ከፈተ። አያ ደምሴ መዳፋቸውን ከላፕቶፑ ሆድ ሥር አስገብተው "ያተኩሰዋል" አሉ። ወዲያው ስክሪኑ ጠፋ።

"አባቴ፣ ባትሪው ብቻ እኮ ነው!" አለ ሻጩ።

"በሬው የወደቀበት ሻጭም እግሩ ብቻ ነው ይላል።"

ሁለተኛውም ወደቀ። ሦስተኛው፣ ክዳኑ የተጫረው፣ ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ሲሠራ ቆየ። እሱን ገዛሁ።

"አባባ፣ ራሙ ስንት ነው?" አለች ልጄ ቤት ስገባ።

አላውቅም። በወጣትነቴ ሳንጃ ወርጄ ለሰሊጥ አጨዳ ስቀጠር እኔንም ስሜን ሳይጠይቁ፣ ክንዴን ጨብጠው፣ ጆንያ አሸክመው ነበር የመረጡኝ።

"አርሷል" አልኳት።